ጠመንጃም እንደ ጫማ በልክ ነው

ሁሩሙ ውስጥ የምትኖር ነርስ ጡረታ የምትወጣው በወረቀት ብቻ ነው። ጎረቤት የደም ግፊት ኪኒኑን በፌስታል ይዞ ይመጣል። አራስ ያለችበት ቤት ያስጠራኛል። ከመቱ፣ ከያዮ፣ ከጎሬና ከበደሌ ዘመድ ይደውላል። ውጭ አገር ያሉት ልጆች ደግሞ «ሐኪሙ እንዲህ አለኝ፤ ምን ማለቱ ነው?» እያሉ በሌሊት ይቀሰቅሱኛል። ከሠላሳ ዓመት በላይ በኢሉባቦር ጤና ጣቢያዎች ስሠራ ከጠየቁኝ ይልቅ አሁን የሚጠይቁኝ ሳይበዛ አይቀርም። አንድ ጥያቄ ግን ከሁሉም የተለየ ነበር። እንግሊዝ አገር የምትኖረው የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ደውላ፣ «አክስቴ፣ ጠመንጃ ልገዛ ነው። የቱ ይሻለኛል ይላሉ?» አለችኝ።

ጠመንጃን የማውቀው ከወዲያኛው ጫፍ ነው። ቁስሉን አጥቤአለሁ፣ ፋሻውን ቀይሬአለሁ፣ ወደ ሆስፒታል በሚሄደው መኪና ውስጥ ግሉኮስ ይዤ ተቀምጫለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የጠየቅኋት «ማን አስፈራራሽ?» ብዬ ነው። ሳቀች። የሳቋን ድምፅ ስሰማ ዝም አልኩ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር የሸክላ ተኩስ የሚባል ጨዋታ ጀምራለች። የቡና ስኒ ማስቀመጫ የምታክል ክብ ሸክላ ከማሽን ተወርውራ በአየር ላይ ትበራለች። ተኳሹ ሳትወድቅ መትቶ ይሰብራታል። የሚተኩሱበት ጠመንጃ እኛ ረሽ የምንለው ዓይነት ነው። እንደ ምንሽር ወይም እንደ ክላሽ አንድ አረር ሳይሆን፣ በአንድ ተኩስ ሦስት መቶ ያህልና ከዚያም በላይ ጥቃቅን የእርሳስ ፍሬ ይረጫል።

ጥንት በአውሮፓና በአሜሪካ እውነተኛ እርግብ እየለቀቁ ይተኩሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ኦሊምፒክ ሳይቀር በሕይወት ባለ እርግብ ላይ ተተኩሷል። እ.ኤ.አ. በ1880 ገደማ ጆርጅ ሊጎስኪ የሚባል የሲንሲናቲ ሰው ከሸክላ የተሠራ ሳህን መሳይ ዒላማ አወጣ፤ እርግቦቹም ተረፉ። ዛሬ ስሟ ሸክላ ይባል እንጂ የምትሠራው ከኖራ ድንጋይ ዱቄትና ከቅጥራን ነው። በዓለም አቀፍ ውድድር ስፋቷ 11 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 105 ግራም ያህል ነው።

ይህን ስትነግረኝ ትዝ ያለኝ የበቆሎ ማሳችን ነው። በእኛ አገር በቆሎ ሲያሽት ዝንጀሮና ጦጣ ቀን፣ ከርከሮ ሌሊት ይመጣል። ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ይጠብቃሉ። ይህች ልጅ በክረምት ዕረፍቷ ከመቱ ወደ አያቷ ቤት ስትመጣ ከወንዶቹ እኩል ትወነጭፍ ነበር። የሚሮጥን ዝንጀሮ ለማስደንገጥ ድንጋዩን ወደ ዝንጀሮው ሳይሆን ወደሚደርስበት ቦታ መወርወር እንደሚያስፈልግ ማንም አላስተማራትም፤ ዓይኗ አስተማራት። የሸክላ ተኩስም እንዲሁ ነው። ሸክላዋ ካለችበት ፊት ለፊቷ ይተኮሳል። አሠልጣኟ «ይህን የት ተማርሽው?» ብትላት «ማማ ላይ» ብላ መልሳ፣ ማማን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀባት።

«ሴት ልጅና ጠመንጃ ምን አገናኛቸው?»

እናቷ፣ ታናሽ እህቴ፣ ወሬውን እንደሰማች ከመቱ ድረስ መጣች። «እትዬ፣ ምከሪያት እንጂ! አንቺን ትሰማለች። ጠመንጃ የደም ነገር ነው፤ ለዚያውም ለሴት!» አለችኝ።

ፍርሃቷን አልናቅሁም። ጠመንጃን የሚፈራ ሰው ከማይፈራው ይሻላል። «ለዚያውም ለሴት» የሚለው ግን ለእኛ አገር ሰው የማይገባ ነገር ነው። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ስትወድቅ የመንግሥቱ መቀመጫ ለጊዜው የሆነችው እዚሁ አጠገባችን ያለችው ጎሬ ናት። በዚያ ወቅት በምዕራብ ኢትዮጵያ የጥቁር አንበሳን ጦር ከተቀላቀሉት አንዷ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ነበሩ። አውሮፓ የተማሩ፣ ቁስለኛ ያስታመሙ፣ ኋላም ተማርከው ወደ ጣሊያኗ አዚናራ ደሴት የተወሰዱ ሴት ናቸው። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል፤ በኢትዮጵያ ፓርላማም የመጀመሪያዋ ሴት ተመራጭ ሆነዋል። ነርስ ስለሆንኩ ይሆናል፣ የእሳቸው ነገር ሁልጊዜ ይማርከኛል።

በጨዋታውም ቢሆን ሴቶች ቦታቸውን ያገኙት ተከራክረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ ወንድና ሴት አብረው በተወዳደሩበት ስኪት በሚባለው የሸክላ ተኩስ ወርቁን የወሰደችው ቻይናዊቷ ዣንግ ሻን ናት። ወንዶቹን ሁሉ አሸንፋ ማለት ነው። በሚቀጥለው ኦሊምፒክ፣ በ1996 አትላንታ ላይ፣ ስኪት ለወንዶች ብቻ ሆነ፤ ዣንግ ሻንም ወርቋን ለመከላከል አልቻለችም። የሴቶች ስኪት የመጣው በ2000 በሲድኒ ነው። አሜሪካዊቷ ኪም ሮድ ደግሞ በ17 ዓመቷ በአትላንታ በሌላው የሸክላ ተኩስ ዓይነት ወርቅ አግኝታ፣ እስከ 2016 ድረስ በስድስት ተከታታይ ኦሊምፒኮች ሜዳሊያ ወስዳለች።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ስነግራት «እሺ እነሱስ ይሁኑ፣ የእኔ ልጅ ግን...» አለች። የእናት ነገር!

እውነቱን ለመናገር ልጅቷን እንድትተወው ያልመከርኳት በታሪክ ምክንያት አይደለም። አባቷ ከሞተ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጅቷ ከሰው ተለይታ ነበር። በስልክ ስታወራ ቃል ትቆጥባለች፤ ሥራዋን ሠርታ ቤቷ ገብታ ትተኛለች። ሐኪሟ ድባቴ ነው ብሎ መድኃኒት ጀመረላት፤ ለአንድ ዓመት ያህል ወስዳለች። መድኃኒቱን በሐኪሙ ምክር ካቆመች በኋላም ሳቋ አልተመለሰም ነበር። ቅድም ስትስቅ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ተነስታ፣ ቦቲ ተጫምታ፣ ጭቃ ሜዳ ላይ ከሰው ጋር ቆማ ሸክላ መስበር ያስቃት ከሆነ እኔ ምን ብዬ እከለክላለሁ?

ግን አንድ ችግር ነበረ። በቪዲዮ ስታሳየኝ ጉንጯ ሥር ሰማያዊ ብልዝ አየሁ። «እስቲ እጅጌሽን ሰብስቢ» አልኳት። ከትከሻዋ በታች ክንዷ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያክል ጠቁሯል። «መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው ይላሉ። ትንሽ ቀላል ጠመንጃ ብገዛ ይተወኛል፤ ካልተወኝ ግን እኔ እተወዋለሁ» አለችኝ። ሳቋን ያገኘችበትን ነገር በብልዝ ምክንያት ልትተወው ነው ማለት ነው።

ብልዙ ይናገራል

በዚያው ሰሞን ልጆቹ ተዋጥተው ትኬት ቆርጠውልኝ ስለነበር ለሁለት ወር ተኩል እሷ ዘንድ ሄድኩ። በሁለተኛው ቅዳሜ አብረን የጠመንጃ መደብር ገባን። ሻጩ ጨዋ ሰው ነው፤ ስሙንም ስም አልጠራም። ከላይ እስከ ታች አያት፣ ከመደርደሪያ አንድ ቀጭን፣ በብር አበባ የተጌጠ ጠመንጃ አወረደና «ይህ የሴቶች ነው፤ ላባ ነው» አላት። አነሳችው፤ እውነትም ቀላል ነው። ዋጋውን ጠየቀች።

እኔ «ቆይ ልጄ» አልኳት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? አሠልጣኟን ሳናነጋግር እንዳንገዛ ተስማምተን ወጣን።

አሠልጣኟ ሃምሳዎቹን ያለፈች ሴት ናት። ብዙ ሴት ተማሪ አስተምራለች፤ ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳችኝ። እኔም እንደ ነርስ ስሰማው ብዙው ነገር የማውቀው ሆኖ አገኘሁት። ከዚህ በታች የምጽፍላችሁ የሁለታችን ዕውቀት ተደምሮ ነው።

የመጀመሪያው፦ ቀላል ጠመንጃ ለሴት ይሻላል የሚለው ወሬ ስህተት ነው። ፍሬው ወደ ፊት በሚወረወርበት ኃይል ጠመንጃው ወደ ኋላ ይመጣል። ጠመንጃው ከበድ ካለ ኃይሉን ራሱ ይውጠዋል፤ ከቀለለ ለትከሻ ይተወዋል። በመቱና በጋምቤላ መንገድ ባዶ አይሱዙ ላይ የተሳፈረ ሰው ይህን ያውቃል። የተጫነው መኪና ሲረጋጋ ባዶው ሰውን ያነጥራል። ሻጩ «ላባ ነው» ያላት ጠመንጃ ከሦስት ኪሎ በእጅጉ ያነሰ ነበር። በአንድ ጠዋት ሃምሳ ወይም መቶ ጊዜ ለሚተኩስ ሰው እንዲህ ያለው በእጅ ላባ፣ በትከሻ መዶሻ ነው። ለሸክላ ተኩስ የሚሠሩት ጠመንጃዎች ብዙዎቹ ከሦስት ኪሎ እስከ ሦስት ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም አካባቢ ናቸው።

ክብደቱ ደግሞ ልክ አለው። አንድ ዙር ጨዋታ 25 ሸክላ ነው። አሠልጣኟ ባዶ ጠመንጃ እያስያዘች 25 ጊዜ ወደ ትከሻ አስነሳቻት። በሃያኛው ላይ የፊት እጇ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ከብዷታል ማለት ነው፤ በሃያ አምስተኛው ላይም እንደ መጀመሪያው ካነሳችው ትችለዋለች። ክብደቱ በሁለቱ እጆች መካከል መሆኑም ይታያል። ሁሉ ነገር ወደ አፈሙዙ ካዘነበለ ኪሎው ትንሽ ቢሆንም ክንድ ያዝላል።

ሁለተኛው የአፈሙዙ ቁጥር ነው። 12 ቁጥርና 20 ቁጥር ሲባል 20 የሚበልጥ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 454 ግራም ያህል እርሳስ፣ አሥራ ሁለት እኩል ድብልብል ጥይት ቢወጣው የአንዱ ጥይት ስፋት የ12 ቁጥር አፈሙዝ ስፋት ነው። ሃያ ቢወጣው አንሶ የ20 ቁጥር ይሆናል። በሚሊ ሜትር ሲሆን 18.5 እና 15.6 አካባቢ ነው። ብዙ ሰው ለሴት 20 ቁጥር ይመርጣል። መጥፎ ነው አልልም፤ ክብደት ያለው 20 ቁጥር ለስላሳ ጥይት ከጎረሰ ይመቻል። ነገር ግን 12 ቁጥር ለስላሳ ጥይት በየመደብሩ በብዛት ይገኛል። ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፦ የርግጫው ጉልበት የሚወሰነው በጠመንጃው ክብደትና በጥይቱ ውስጥ ባለው ጭነት እንጂ በቁጥሩ ብቻ አይደለም። በጥይቱ ሳጥን ላይ 28 ግራም፣ 24 ግራም፣ 21 ግራም የሚል ተጽፏል። ኦሊምፒክ ላይ እንኳ የሚፈቀደው 24 ግራም ነው። ለጀማሪ 21 ግራም ይበቃል። ከሁሉም ያነሰውን ጠባብ አፈሙዝ «ለጀማሪ» ብለው የሚሰጡም አሉ። በእሱ የሚረጨው ፍሬ ጥቂት ስለሆነ ሸክላዋን ማግኘት ይከብዳል፤ ጀማሪም ተስፋ ይቆርጣል።

ሦስተኛው፣ እኔን በጣም የገባኝ፣ ሰደፉ ነው። የታዘለ ቁስለኛን ክራንች ያስለመደ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳል። ክራንች በብብትና በክራንቹ ራስ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይፈልጋል፤ ክርኑም ትንሽ መታጠፍ አለበት። ከረዘመ በብብት ያለውን ነርቭ ተጭኖ እጅ ያሰንፋል፤ ካጠረ ወገብ ያጎብጣል። ለረጅም ወንድ የተቆረጠ ክራንች ለአጭር ሴት ሰጥቶ «ልመጂው» ማለት ሕክምና አይደለም። ጠመንጃም እንዲሁ ነው። በመደርደሪያ ያሉት ብዙዎቹ የተለኩት ለመካከለኛ ወንድ ነው። ከቃታው እስከ ሰደፉ ጫፍ 37 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ለብዙ ሴት ከዚያ ያነሰ ያስፈልጋል።

ሰደፉ ሲረዝም ትከሻው ውስጥ መግባት አቅቶት ወደ ውጭ፣ ወደ ክንድ፣ ይሸሻል። የልጃችን ክንድ የጠቆረው ለዚህ ነው። ትክክለኛ ቦታው ከአንገት አጥንት በታች፣ ከክንድ መጋጠሚያ ወደ ውስጥ ያለው ለስላሳ ስፍራ ነው። የጉንጩ ብልዝ ደግሞ ሌላ ነገር ይናገራል። ሴት አንገቷ ረዘም ያለ ከሆነ የሰደፉ ላይኛ ጠርዝ ዝቅ ይልባታል። ጉንጯ አርፎ ስለማይቀመጥ ጠመንጃው በተራገጠ ቁጥር ይመታታል። መፍትሔው ጠርዙን ከፍ ማድረግ ነው፤ ከፍና ዝቅ የሚል ጠርዝ ያለው ሰደፍም አለ። ደረት ያላት ሴት ላይ ደግሞ የሰደፉ ታችኛ ጥግ ጡቷን ይወጋል፤ እሱም ክብ ተደርጎ ይቆረጣል ወይም ወደ ውጭ ዘንበል ይደረጋል። ይህን አሠልጣኟ ስትናገር ልጃችን «አፍሬ ነው እንጂ እሱም ያመኛል» አለች። ይኸውላችሁ፣ ሰው አፍሮ ያልተናገረው ሕመም በየቦታው አለ። አሠልጣኟ ይህን ሁሉ የለካችው በብሎን የሚረዝምና የሚያጥር መለኪያ ጠመንጃ በማስያዝ ነው። ሰደፉን በክርን እጥፋት ላይ አስደግፎ ጣት ቃታ ይደርስ እንደሆነ ማየት የተለመደ ነው፤ እሱ ግን ግምት ነው እንጂ ልክ አይደለም።

አራተኛው ዓይን ነው። ቀኝ እጃችንን እንደምናዘወትር ሁሉ የምናዘወትረው ዓይንም አለን። ሁለት እጃችሁን ዘርግታችሁ በመዳፎቻችሁ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ሥሩ፤ በቀዳዳው ራቅ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ የበር እጀታ፣ በሁለት ዓይን ተመልከቱ። ከዚያ አንድ አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑ። የትኛው ሲጨፈን እጀታው ከቀዳዳው ጠፋ? ገዢው ዓይን እሱ ነው። ቀኝ እጇን የምታዘወትር ሆና ግራ ዓይኗ የሚገዛ ሴት ከቀኝ ትከሻዋ ብትተኩስ ሸክላዋን ስታ ስታ ትሰለቻለች። ወይ ከግራ ትከሻ መልመድ ነው፤ ወይ በግራው የመከላከያ መነጽር ላይ ትንሽ ፕላስተር መለጠፍ። ጠመንጃው ከመገዛቱ በፊት ይህ መታወቅ አለበት፤ ለግራኝ የተጠረበ ሰደፍ ለቀኝ አይሆንምና። ልጃችን ደግነቱ ሁለቱም ቀኝ ሆኑላት።

ስለ ዓይነቱም አንድ ቃል። አንዱ አፈሙዝ ከሌላው በላይ የተደረበበት፣ ከወገቡ የሚሰበረው ጠመንጃ በየክበቡ ይወደዳል፤ ሲከፈት ባዶ መሆኑ ለሁሉም ሰው ከሩቅ ይታያልና። ራሱን በራሱ የሚያጎርሰው ዓይነት ደግሞ የባሩዱን ጋዝ ከፊሉን ለራሱ ሥራ ስለሚጠቀምበት ርግጫው ይለዝባል፤ ትከሻዋ ለሚያማት ሴት ይሻላል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ የሚመረጠው በትከሻ ነው።

ከጠመንጃው በፊት የሚገዛው

ጤና ባለሙያ ሆኜ ይህን ሳልል ብቀር ሙያዬ ይታዘበኛል። የረሽ ተኩስ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ በአንድ ጊዜም ቢሆን ጆሮን ሊጎዳ ይችላል፤ በውስጠኛው ጆሮ የሞተ ሕዋስ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገዛው የጆሮ መከላከያ ነው፤ ሁለተኛው ከሸክላ ስብርባሪ ዓይን የሚጠብቅ መነጽር። ፍሬው እርሳስ ስለሆነ ከተኩስ በኋላ እጅ ሳይታጠቡ ምግብ መብላት፣ ልጅ ማጉረስ አይገባም። እርሳስ ለፅንስ መርዝ ነው፤ ድምፁም ለፅንስ አይበጅም። ስለዚህ እርጉዝ ሴት ጨዋታውን እስክትገላገል ብታቆየው ይሻላል።

ልጃችን የገዛቻቸው ሁለቱን ብቻ ነው። ጠመንጃውን ለጊዜው ከክበቡ እየተዋሰች ተኮሰች። የሰው ወርቅ አያደምቅ ቢባልም፣ የሰው ጠመንጃ ለጀማሪ በጣም ይጠቅማል። ስድስት ሰባት ዓይነት እየቀያየረች ያዘች፤ የትኛው ለሰውነቷ እንደሚስማማ በራሷ ትከሻ አወቀች።

የሐኪሙ ወረቀት

የከበደው ነገር ከዚህ በኋላ መጣ። በእንግሊዝ አገር ፖሊስ በፈቀደለት የሸክላ ተኩስ ሜዳ ማንም ሰው የክበቡን ጠመንጃ መተኮስ ይችላል። የራስን ገዝቶ ቤት ለማስቀመጥ ግን ከፖሊስ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ የሚያገለግለውም አምስት ዓመት ነው። ጠመንጃው በቁልፍ ይቀመጣል። ፖሊስ ቤቱን ያያል፣ አመልካቹን ያነጋግራል፤ ከሐኪምም የጤና መረጃ ይጠየቃል። ከሚጠየቁት አንዱ ድባቴ ነው።

አንድ ምሽት ቅጹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ቁጭ አለች። «አክስቴ፣ አሁን ድኛለሁ። መድኃኒቱንም ካቆምኩ ቆየሁ። ባልጽፈውስ? ከጻፍኩት ይከለክሉኛል» አለችኝ።

የአክስት ልብ «ተይው፣ ማን ያውቅብሻል» ይላል። የነርስ ልብ ግን ሌላ ነገር ያውቃል። ድባቴ ባለበት ሰው ቤት መሣሪያ ሲኖር ራስን የማጥፋት አደጋ ይጨምራል። ክፉ ሐሳብ መጥቶ የሚያልፍበት ጊዜ አንዳንዴ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ገዳይ ነገር አጠገብ አለመኖሩ ሰው ያተርፋል። ይህን በሥራዬ በመርዛማ የሰብል መድኃኒት አይቼዋለሁ። በቁልፍ ያስቀመጠው ቤትና አልጋ ሥር ያስቀመጠው ቤት አንድ አይደሉም።

«ጻፊው» አልኳት። «ድባቴ መታመም እንጂ ወንጀል አይደለም። ጽፈሽ ቢከለክሉሽ፣ አንቺን ለማቆየት ብለው ነው። ከደበቅሽው ግን ነገ መልሶ ቢያምሽ ለሐኪምሽ መናገር ትፈሪያለሽ። ከሁሉ የሚከፋው እሱ ነው።» ቀጥዬም በቀጥታ ጠየቅኋት፦ «በዚያን ጊዜ ራስሽን ስለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ከጠየቁ ሐሳቡን የሚያስገቡ ይመስለዋል። አያስገባም፤ በሩን ይከፍታል እንጂ። ለረጅም ጊዜ አየችኝና «አላሰብኩም። ግን እስከዛሬ የጠየቀኝ ሰው ከሐኪሙ ሌላ የለም» አለችኝ። ያን ምሽት ስለ አባቷ እስከ እኩለ ሌሊት አወራን።

ጻፈችው። ድባቴ ታሞ የዳነ ሰው እዚያ በዚህ ብቻ አይከለከልም፤ እንደየሁኔታው ያዩታል። ሐኪሟ የደረሰችበትን ጻፈላት፤ ፖሊሱም መጥቶ አነጋገራት፤ የቁልፍ ሳጥኑን አየ። ወራት ፈጀ። ወረቀቱ የመጣው እኔ ሁሩሙ ከተመለስኩ በኋላ ነው። እሷ በራሷ አንድ ነገር ጨምራለች፦ ስሜቷ ከከፋ ጠመንጃውን ክበቡ እንዲያስቀምጥላት አስቀድማ ከአሠልጣኟ ጋር ተነጋግራለች። ይህን ስሰማ አባቷን አሰብኩት፤ ይኮራባት ነበር።

የገዛችውም ያ በብር አበባ ያጌጠው አይደለም። አሮጌ፣ ጌጥ የሌለው፣ አፈሙዙ የተደረበ 12 ቁጥር ነው፤ ክብደቱ ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ። ሰደፉ አጥሯል፣ ታችኛው ጥግ ክብ ሆኗል፣ የጉንጩ ጠርዝ ከፍ ብሏል። የምትተኩሰው ባለ 21 ግራም ነው። በቪዲዮ እንደ ድሮው «እጅጌሽን ሰብስቢ» ብላት ክንዷ ንጹሕ ነው።

ለእናቶችና ለአክስቶች

ይህን የጻፍኩት ማንም ጠመንጃ እንዲገዛ አይደለም። በአገራችን ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ ነው፤ በቂ ሐዘንም አይተናል። የጻፍኩት ብዙዎቻችሁ ልጆቻችሁ በሩቅ አገር ስለሆኑ ነው። አንድ ቀን ደውለው ሰምታችሁ የማታውቁትን ነገር ይነግሯችኋል፦ በገመድ ተራራ ልወጣ ነው፣ ባሕር ውስጥ ልጠልቅ ነው፣ ሸክላ ልተኩስ ነው። ወዲያው «ተይ» አትበሉ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ «በልክሽ ነው ወይ? ማን ያስተምርሻል? ልብሽስ እንዴት ነው?» ሦስተኛውን ጠይቃችሁ ዝም በሉና መልሱን ጠብቁ።

ሴት ልጅም ብትሆኚ «የሴቶች ነው» ብለው በሚሰጡሽ ነገር አትቸኩይ። የሴቶች የሚባለው ብዙ ጊዜ ያነሰና ያማረ ነው፤ የሚያስፈልግሽ ግን የተለካ ነው። ጫማም ቢሆን፣ የሥራ ጓንትም ቢሆን፣ ጠመንጃም ቢሆን፣ ሕመምሽን ሳታፍሪ ተናገሪና ይለኩልሽ።

እህቴ አሁንም ጠመንጃውን በስሙ አትጠራውም፤ «ያ ዕቃ» ትለዋለች። ግን እሁድ እሁድ ቡናው ሲፈላ ልጇ ስትደውል ከጤናዋ ቀጥላ የምትጠይቀው እሱን ነው፦ «ለመሆኑ ትላንት ስንት ሰበርሽ?» ባለፈው ሳምንት ከሃያ አምስቱ አሥራ ዘጠኝ ነበር።

ሰላም ሰንብቱ።